ውሃው በየት ገባ? በየት ወጣ?

በአዲስ አበባ ዳር ዳሩን፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን፣ አዲስ ቤት በቆመበት ግቢ ሁሉ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከቅርብ ካባ የወጣ፣ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የቀዘቀዘ ባዛልት። ደረጃው፣ የመስኮቱ ደፍ ወይም የአጥሩ ፊት ደግሞ፣ አቅም ከፈቀደ፣ ክሬም ወይም ግራጫ የኖራ ድንጋይ ይለብሳል። ጥቁሩ ዕድሜው ቢበዛ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የኖራው ድንጋይ ከአባይ ወይም ከጀማ ሸለቆ የመጣ ከሆነ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር። ብዙ ሰው ድንጋዩን ልብ የሚለው ሲገዛውና ሲሰነጠቅበት ብቻ ነው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ደረጃው ላይ ሪፍ፣ ማለትም በባሕር ውስጥ ከአጽማቸው የኖራ ክምር፣ የሚሠሩ ፍጥረታት ተቆርጠው፣ ተወልውለው፣ በነፃ ለዕይታ ቀርበው ሊሆን ይችላል።

እዚህ የማነሳው ስለነዚያ ግንበኞች፣ በተለይም አርኪዮሲያትና ስትሮማቶፖሮይድ ስለሚባሉት ነው። አንዳንዶቹ ከኛ ድንጋይ ውስጥ ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ ፈጽሞ አይገኙም፤ ግን የኛዎቹን ለመለየት የማይገኙትንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉም ሲታዩ ስፖንጅም ኮራልም የሚባሉትን የባሕር እንስሳት ይመስላሉ። «ስፖንጅ ናቸው ወይስ ኮራል?» የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀው በዚህ ምክንያት ነው። ድንጋይ ፊት ለቆመ ሰው ግን የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ይመስለኛል፦ ውሃው በየት ገባ? በየት ወጣ?

ስፖንጅ አፍም አንጀትም የለውም። በገላው ላይ ባሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ውሃ ያስገባል፣ ከውሃው ውስጥ ባክቴሪያና ብናኝ ምግብ ያጣራል፣ የተጣራውን በሰፊ ቀዳዳ ያስወጣል። ስለዚህ አጽም ከሠራ፣ አጽሙ መተላለፊያ ሊኖረው ግድ ነው። ኮራል ሌላ ነው። ፖሊፕ የሚባለው ለስላሳ አካሉ አፍ አለው፤ በአፉ ዙሪያ ባሉ ቀጫጭን እጆቹ የሚያልፈውን ይይዛል፤ ከሥሩ ጽዋ የመሰለ መቀመጫ ይገነባል። ወደ ላይ ባደገ ቁጥር የተወውን ክፍል በወለል ይዘጋና ከላይ ይኖራል። ውሃ በአጽሙ ውስጥ ማለፍ አያስፈልገውም። መንገድ ያለው አጽም ወደ ስፖንጅ፣ ጽዋና የተዘጋ ወለል ያለው ወደ ኮራል ያደላል። ደንቡ እንከን የለሽ አይደለም። ፋቮሳይትስ የሚባለው ጥንታዊ ኮራል በጎረቤት ቱቦዎቹ መካከል ቀዳዳ ስላለው አንዳንድ ተመራማሪዎች ወደ ስፖንጅ ሊወስዱት ሞክረው ነበር። በካናዳ አንቲኮስቲ ደሴት ፖሊፖቹ ራሳቸው ወደ ድንጋይ ተለውጠው ሲገኙ ክርክሩ ወደ ኮራል አጋደለ።

ከሁሉም ቀድመው የመጡት አርኪዮሲያቶች ናቸው። ከ525 እስከ 520 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ በመጀመሪያው ካምብሪያን፣ በሳይቤሪያ ብቅ አሉ፤ በአጭር ጊዜ ውስጥም ወደ ብዙው የዓለም ሞቃት ጥልቀት የለሽ ባሕር ተዛመቱ። ሪፍ በመገንባት የተሳተፉ የመጀመሪያዎቹ ተስፋፊ እንስሳት ተደርገው ይቆጠራሉ። ቅርጻቸውን ለማሰብ ሁለት የቀንድ ዋንጫ አንዱን በሌላው ውስጥ አቁሙ፤ የሁለቱም ግድግዳ ወንፊት ይሁን። የውጭው ግድግዳ፣ የውስጡ ግድግዳ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት፣ ክፍተቱን እየከፈሉ የሚያልፉ ቀጥ ያሉ ሳንቃዎች፣ ከመሃል ደግሞ ወደ ላይ የተከፈተ ባዶ ጉድጓድ፤ አካሉ ይኸው ነው። አብዛኞቹ ስፋታቸው ከ1 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመታቸው ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ግዙፎችም ነበሩ። ጫፋቸው ከወለሉ ጋር የሚጣበቅበት ሥር መሰል ክፍል አለው። አጽማቸው ካልሳይት የሚባል የኖራ ማዕድን ነው፤ ብዙ ስፖንጆች የሚታወቁባቸው መርፌ መሰል ደቃቅ አጥንቶች የሏቸውም።

ለዘመናት ግራ ያጋባው የነዚህ መርፌዎች አለመኖር ነው። የካናዳው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኤልካና ቢሊንግስ እ.ኤ.አ. በ1861 ከላብራዶር የባሕር ዳርቻ በተገኘ ድንጋይ ላይ ተመሥርቶ ስም ከሰጣቸው በኋላ አንዱ ኮራል፣ ሌላው ስፖንጅ፣ ሌላው አልጌ ሲላቸው ቆየ፤ ራሳቸውን የቻሉ ክፍለ ፍጥረት ተደርገው የተመደቡበት ጊዜም ነበር። ነገሩን ያቀለሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በፓስፊክና በሕንድ ውቅያኖስ ዋሻዎችና ጥልቅ ተዳፋቶች የሚኖረው ቫሴሌቲያ መገለጹ ነው፤ መርፌ የሌለው፣ ጠንካራ የኖራ አጽም የሚሠራ ሕያው ስፖንጅ። «መርፌ ከሌለው ስፖንጅ አይደለም» የሚለው ክርክር በእሱ ወደቀ። ሁለተኛው የውሃ ሙከራ ነው። የአርኪዮሲያት ሞዴል ሠርተው በሚፈስ ውሃ ውስጥ ሲያቆሙትና ቀለም ሲለቁበት፣ ውሃው በውጩ ግድግዳ ቀዳዳዎች ገብቶ በመሃሉ ጉድጓድ ወደ ላይ ወጣ። ወለሉ አጠገብ ያለው ውሃ ቀስ ይላል፤ ከፍ ብሎ ያለው ይፈጥናል፤ ከአፉ ላይ የሚፈጥነው ውሃ ከውስጥ ያለውን ይስበዋል። እንስሳው ሳይደክም ጅረቱ ራሱ ያጣራለታል ማለት ነው። በመካከል ያሉት ሳንቃዎች ውሃው ወደ ጎን አምልጦ እንዳይባክን ያግዳሉ። ለእኔ ከስንት ገጽ የአመዳደብ ክርክር ይልቅ ይህ ሙከራ ይበልጣል፤ አጽሙን ራሱን ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው።

ዝናቸው ግን ከሥራቸው አልፎ እንደሚወራ ልብ በሉ። ብዙው የአርኪዮሲያት ሪፍ ከጥቂት ሜትር ያልበለጠ ጉብታ ነው፤ ከጉብታው አብላጫውን የገነቡትም ብዙ ጊዜ ሬናልሲስና ኤፒፊቶን የሚባሉ ኖራ ያበጁ ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። አርኪዮሲያቱ በመካከላቸው ቆሞ ክፍተት ያዘ፣ ጥላ ፈጠረ፣ ደለል አገደ። ዘመናቸውም አጭር ነበር። ከ510 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ የባሕሩ ኦክስጅን በቀነሰበትና የባሕሩ ውሃ ከፍታ በወረደበት ዘመን፣ አለቁ። ከዚያ ወዲህ የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ቅሪቶች ናቸው፤ የመጨረሻዎቹም ከአንታርክቲካ የመጡ ናቸው። ስለ አንታርክቲካ ካነሣን፣ ከ1907 እስከ 1909 እ.ኤ.አ. የነበረው የአሳሹ የሻክልተን ጉዞ ከቤርድሞር የበረዶ ግግር ባመጣው የኖራ ድንጋይ ውስጥ አርኪዮሲያት ነበረበት። አሁን ምድረ በረዶ የሆነው አህጉር ያኔ ሞቃት ባሕር አካባቢ እንደነበር የመሰከረው ይህ የድንጋይ ቁራጭ ነው።

በአፍሪካ አርኪዮሲያት ለማየት ወደ ሞሮኮ ፀረ አትላስ ተራሮች መሄድ ይሻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ መፈለግ ድካም ነው፤ ከጥንታዊው የተለወጠ ድንጋይ ላይ በአብዛኛው በቀጥታ የሚያርፈው አሸዋ ድንጋይና የበረዶ ግግር ያመጣው ዝቃጭ ነው። የኖራ ባሕር በሰፊው የገባው የዳይኖሰሮች ዘመን በሆነው በጁራሲክ ነው፤ ያኔ ደግሞ አርኪዮሲያቶች ከጠፉ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በአዲስ አበባ ዳር ደረጃ ላይ «አርኪዮሲያት አገኘሁ» የሚል ፎቶ ካያችሁ፣ ወይ ድንጋዩ ከውጭ የመጣ ነው፣ ወይ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው።

ወደኛ የሚቀርቡት ስትሮማቶፖሮይዶች ናቸው፤ እነሱም ሁለት የተለያዩ ዘመናት ያሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ከመካከለኛው ኦርዶቪሲያን እስከ ዴቮኒያን መጨረሻ ነበሩ፤ ከ460 ሚሊዮን እስከ 359 ሚሊዮን ዓመት በፊት ማለት ነው። ከአርኪዮሲያት በተለየ እነዚህ በእርግጥ ታላላቅ ግንበኞች ናቸው። ከጣት ጥፍር እስከ ብዙ ሜትር ስፋት ይደርሳሉ፤ ምንጣፍ፣ ጉልላት፣ ድቡልቡል ወይም ቅርንጫፍ ይሆናሉ። በአውስትራሊያ ምዕራብ በካኒንግ ተፋሰስ የቆመው የዴቮኒያን ሪፍ ለ350 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በካናዳ አልበርታ በ1947 እ.ኤ.አ. የተገኘው የለዱክ የነዳጅ መስክም በአብዛኛው ከመሬት በታች የተቀበረ የዴቮኒያን ሪፍ ነው፤ የሪፉ ክፍት ቦታዎች ለነዳጁ ማከማቻ ሆኑ።

አንድ ስትሮማቶፖሮይድ ከላይ ወደ ታች ሲቆረጥ አግድም ንጣፎችና ንጣፎቹን የደገፉ ቋሚ ምሰሶዎች ይታያሉ። ንጣፎቹ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፤ በ5 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ በብዙዎቹ ላይ ይቆጠራሉ። በዓይን በጉልህ የሚታየው ወፍራም መስመር አንድ ንጣፍ ሳይሆን የብዙ ንጣፎች ጥቅል ነው፤ ዕድገቱ የቆመበትንና የቀጠለበትን ያሳያል። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቅሉን እንደ ንጣፍ ይቆጥርና «ምሰሶ የለውም» ይላል። ምሰሶው በጥቅሉ ውስጥ ነው፤ በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ካልሆነ አይታይም። ገጹ ላይ ደግሞ ትናንሽ ጉብታዎችና ከአንድ መሃል ወደ ዙሪያው የሚፈነጥቁ ቦዮች ይኖራሉ። ውሃው የወጣው በነዚህ ቦዮች ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሃርትማንና ጎሮ በጃማይካ ሪፍ ጨለማ ክፍሎች ከሚኖሩ ጠንካራ የኖራ ስፖንጆች ላይ ተመሳሳይ ቦዮች ማሳየታቸው ስትሮማቶፖሮይድን ወደ ስፖንጅ ጎራ ጎተተው።

የጠርዙን ነገር ችላ አትበሉ፤ በብዙ መግለጫዎች በአንድ መስመር የሚታለፈው ይህ ብዙ ይናገራል። የጉልላቱ ጎን ለስላሳ ከሆነ ደለል የሚወርደው በዝግታ ነበር፤ እንስሳው ሳይቋረጥ አድጓል። ጎኑ ከተጨበጣጨበና የደለል ምላሶች ወደ ውስጥ ከገቡበት፣ ጭቃ እየመጣ ዳሩን ይቀብረው ነበር፤ እንስሳው ከተረፈው ክፍል ተነሥቶ እንደገና በጭቃው ላይ ይስፋፋ ነበር። ጉልላቱ ተገልብጦ ከተገኘ ማዕበል ነው የገለበጠው። የብዙ ጉልላቶች ጀርባ ወደ አንድ ወገን ካመለከተ ያ ወገን የያኔው ላይ ነው፤ ንብርብሩ የተገለበጠ መሆኑን ለማወቅ ይረዳል። ቤት ላይ የተለጠፈ ድንጋይ ግን ይህን ሁሉ አጥቷል፤ ለጣፊው የፈለገውን ጎን ወደ ላይ አድርጎታል።

የመጀመሪያዎቹ ስትሮማቶፖሮይዶች ከ372 ሚሊዮን ዓመት በፊት በደረሰው ጥፋት ክፉኛ ተመቱ፤ በ359 ሚሊዮን አለቁ። በጁራሲክና ከሱ ቀጥሎ በመጣው በክሬታሺየስ እንደገና በዓለት ውስጥ ተመሳሳይ ቅርጽ ይታያል። እነዚህ የቀድሞዎቹ ልጆች ናቸው ብሎ መደምደም ይከብዳል። የአንዳንዶቹ መርፌዎች ሲመረመሩ የተለያየ ዘር ያላቸው ስፖንጆች ሆነው ተገኝተዋል። ንጣፍ፣ ምሰሶና የውሃ ቦይ ያለበት አሠራር ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በተለያዩ ዘሮች፣ ለብቻ ለብቻው ተደርሶበታል። ስለዚህ ስትሮማቶፖሮይድ የሚለውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሳይሆን እንደ ሙያ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። ግንበኛ ስለሆኑ ብቻ ሁለት ሰዎች ወንድማማች አይሆኑም።

አሁን ወደ ደረጃችን። በአባይ ሸለቆ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን መንገድ የሚወርድ ሰው ከላይ ባዛልቱን፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይና ጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ አንታሎ የሚባለውን የኖራ ድንጋይ፣ ከሱ ሥር ጂፕሰምና ሼል (በስሱ የሚሰነጠቅ ጭቃ ድንጋይ) ያለበትን ንብርብር፣ ከታች ወደ ወንዙ ደግሞ እንደገና አሸዋ ድንጋይ ያያል። የአንታሎው ክፍል በአባይ ተፋሰስ 400 ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ዕድሜው በአብዛኛው የላይኛው ጁራሲክ ነው። ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ የመጣ ሞቃት፣ ጥልቀት የለሽ ባሕር ነበር፤ ቀይ ባሕር ገና ስላልተከፈተ ከዓረብ ምድር ጋር አንድ ነበርን። በዚያው ዘመን በዓረቡ በኩል ክላዶኮሮፕሲስ የተባለ ቀጭን ቅርንጫፋም ስትሮማቶፖሮይድ ያለበት የኖራ ድንጋይ ተጥሏል፤ ዛሬ የሳዑዲ ዓረቢያ ታላላቅ የነዳጅ ማከማቻዎች አካል ነው። በአንታሎ ውስጥም ኮራልና ስትሮማቶፖሮይድ ተመዝግበዋል። ግን ሁሉም አንታሎ ሪፍ አይደለም። አብዛኛው ጭቃማ የኖራ ድንጋይ፣ በፍጥረታት የተቆፋፈረ፣ ወይም የዛጎል ስብርባሪና ክብ ክብ የኖራ እንክብል ነው። ከመቶ ደረጃ አንድ ኮራል ብታገኙ ደህና ናችሁ።

ድንጋዩን ከማጥናት በፊት ድንጋይ መሆኑን አረጋግጡ። ዛሬ በሴራሚክ ላይ ቅሪተ አካል ሳይቀር ይታተማል። ያው ንድፍ ጥቂት ንጣፍ አልፎ ከተደገመ፣ ጠርዙም አንድ ወጥ ቀለም ያለው ሸክላ ከሆነ፣ ማተሚያ ነው። የአምቦ ድንጋይ የሚባለው አሸዋ ድንጋይ ነው፤ በጥፍር ሲነካ ይሻክራል፣ ጥቂት ኖራ ካላያያዘው በቀር በአሲድ አይፈላም። ከቤኒሻንጉል የሚመጣው እብነ በረድ በአሲድ ይፈላል፤ ግን በሙቀትና በግፊት ዳግም ስለተሠራ ውስጡ የሚያብለጨልጩ የካልሳይት ክሪስታሎች ብቻ ናቸው፤ ቅሪተ አካል ቢኖረው ኖሮ እንኳ ጠፍቷል። ሻጭ የተወለወለውን ሁሉ እብነ በረድ ስለሚል በስሙ አትመሩ። በጥቁሩ ባዛልት ላይ የሚታዩት ነጫጭ ክቦችም ዛጎል አይደሉም፤ ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተወው ቀዳዳ በኋላ በማዕድን የተሞላ ነው። እነዚህ ነጠብጣቦች ካልሳይት ከሆኑ በአሲድ ስለሚፈሉ ብዙ ሰው ያሞኛሉ።

ለመፈተኛ አቼቶ ይበቃል፤ ሎሚም ይሠራል። በማይታይ ጥግ በሚስማር ጥቂት ጫር አድርጉ፤ ዱቄቱ ላይ ጠብ አድርጉ፤ በማጉያ ተመልከቱ። የኖራ ድንጋይ ደቃቅ አረፋ ያወጣል። ዶሎማይት የሚባለው ማግኒዥየም ያለበት የኖራ ዘመድ ከሆነ ሳይፈጭ ዝም ይላል፣ ሲፈጭ ቀስ ብሎ ይፈላል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚጠቀም ሰው ከመደብር የሚገዛውን 35 ወይም 37 በመቶ አሲድ 1 እጅ በ3 እጅ ውሃ ያቅጥነው፤ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አያፍስስ፤ ጓንትና መነጽርም አይርሳ። የመኪና ባትሪ አሲድ ለዚህ አይሆንም። ሰልፈሪክ ስለሆነ በድንጋዩ ላይ የጂፕሰም ሽፋን ይሠራና አረፋው ወዲያው ይቆማል፤ ሰውም «ኖራ አይደለም» ብሎ ይሳሳታል፤ እጅም ልብስም ይበላል።

ከዚያ ድንጋዩን አርጥቡ። ደረቅ የኖራ ድንጋይ ላይ የማይታየው በውሃ ወዲያው ይወጣል፤ ውሃው የገጹን ጭረት ሞልቶ የተበታተነውን ብርሃን ይቀንሳልና። ጠዋት ወይም ማታ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ፣ ጉብታና ቦይ ይታያል፤ በቀትር አይታይም። ለፎቶ ግን ጥላ ውስጥ፣ ካሜራውን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርጎ፣ ከአጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አስቀምጦ ማንሳት ይሻላል። መለኪያ የሌለው ፎቶ ለመለየት አይጠቅምም፤ 2 ሚሊ ሜትር ቱቦና 2 ሴንቲ ሜትር ቱቦ በስልክ መስታወት ላይ አንድ ናቸው።

ደረጃ ከግድግዳ የሚሻለው ሁለት ገጽ ስለሚሰጥ ነው፦ የሚረገጠው አግድም ገጽና የፊት ጠርዙ። የደረጃው ድንጋይ ከንብርብሩ ጋር ትይዩ ከተቆረጠ የሚረገጠው ገጽ ፍጥረቱን ከላይ፣ ጠርዙ ደግሞ ከጎን ያሳያል። ስትሮማቶፖሮይድ ከላይ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ የምሰሶዎቹ ጫፍ፣ ዕድል ካለም የኮከብ ቦይ። ከጎን ግን ንጣፍና ምሰሶ ይሆናል። አንዱን ገጽ ብቻ ያየ ሰው አልጌ ነው ሊል ይችላል። ኮራል ከላይ ጽዋዎች፣ በጽዋው ውስጥ ወደ መሃል የሚሄዱ ሳንቃዎች አሉት፤ የጁራሲክ ኮራሎች ሳንቃ በስድስት ብዜት ይሰለፋል፤ ከጎን ቱቦና ወለል ይታያል። አርኪዮሲያት በሌላ አገር ድንጋይ ላይ ሲቆረጥ ሁለት ክብ፣ በመካከላቸው ሳንቃ፣ መሃሉ ባዶ ነው። ኮራል ላይ ሳንቃው ወደ መሃል ይገፋል እንጂ በሁለተኛ ክብ አይታጠርም። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ብዙ አይሳሳትም።

የኛ ኮራሎች ብዙ ጊዜ ነጭ ባዶ ጥፍጥፍ ሆነው ይገኛሉ። አጽማቸው አራጎናይት የሚባል ሌላ የኖራ ማዕድን ስለነበር ከጊዜ ጋር ይሟሟል፤ ቦታውን ጎላ ያለ ካልሳይት ይሞላዋል፤ ውጫዊ ቅርጹ ይቀራል፣ ሳንቃው ይጠፋል። እንዲህ ያለውን በግምት ስም ከመስጠት «ዳግም የተሠራ፣ ኮራል ሊሆን የሚችል» ብሎ መተው ጨዋነት ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች ብዙ ናቸው። ከሁሉም የሚበረታው ስትሮማቶላይት ነው፤ ደቂቅ ዘአካላት ደለል እያያዙ የደረደሩት ንብርብር ነው፤ ንጣፍ አለው፣ ምሰሶና ቦይ የለውም፤ ውሃ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ጥቁር የተሰነጣጠቀ መስመር በሁሉ ነገር ላይ አቋርጦ ካለፈ ስታይሎላይት ነው፤ ድንጋዩ በግፊት ሲሟሟ የቀረ ሸክላ ነው፤ ሸማቹም ስንጥቅ ነው ብሎ ይሟገትበታል። ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ክብ ክብ እንክብሎች ኡላይት ናቸው። መሃሉ ቀዳዳ ያለው፣ ሲሰበር እንደ አንድ ክሪስታል የሚያበራ ክብ የባሕር ሊሊ የሚባል እንስሳ ግንድ ነው። ያለ ግድግዳ፣ በሌላ ቀለም የተሞላ ጠማማ ቱቦ የፍጥረት መቆፈሪያ ነው፤ በአንታሎ ላይ በብዛት ይገኛል፤ «ቅርንጫፋም ስፖንጅ» ተብሎ የሚነገርለትም እሱ ነው። በመቆፈሪያ ውስጥ የሚገኘው ደለል ነው፤ በስፖንጅ ቅርንጫፍ ውስጥ ግን አሠራር አለ።

ጥርጣሬ ከቀረ የተቆረጠ ትርፍ ቁራጭ ከድንጋይ መቁረጫ ለምኑ፤ በየግቢው ክምር አለ። በውኃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ግዙ፤ 120፣ 240፣ 400፣ 600። ወረቀቱን በወፍራም መስታወት ላይ ዘርግታችሁ፣ እያረጠባችሁ፣ ቁራጩን በስምንት ቁጥር ቅርጽ አሽከርክሩት። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ከማለፋችሁ በፊት ድንጋዩንም እጃችሁንም እጠቡ፤ አንድ የ120 ቅንጣት የ600ውን ሥራ ታበላሻለች። የፊተኛው ጭረት ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ መዝለል የችኩል ሰው ስሕተት ነው፤ ደቃቁ ወረቀት ጥልቁን ጭረት አያጠፋም፣ ያስውበዋል እንጂ። ቫርኒሽ አትቀቡ፤ ለአንድ ወር ያምራል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆንና ደቃቁን ነገር ይሸፍናል።

ከዚህ በላይ የሚሄድ ሰው የአሴቴት ቅጂ ያንሳ። 600 የደረሰውን ገጽ በ5 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ ለ10 ወይም 15 ሰከንድ ብቻ አስነክሱ፤ በውሃ እጠቡ፤ ገጹን በጣት ሳትነኩ አድርቁ። አሴቶን አፍስሱበትና ቀጭን የአሴቴት ፕላስቲክ ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ ጎንበስ እያደረጋችሁ አልብሱት። በመጫን አየር አታስወጡ፤ መጫን ነው አረፋ የሚያስቀረው። ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ከተቻለ ከዚያ በላይ፣ ደርቆ ሲላጥ የድንጋዩ ደቃቅ አሠራር ከፕላስቲኩ ላይ ይታተማል፤ በሁለት መስታወት መካከል ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይነበባል። ካልሠራ ከሁለት ነገር አንዱ ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚገዛ ግልጽ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ አሴቶን አያለሰልሰውም፤ በትንሽ ጠብታ አስቀድሞ መሞከር ነው። ወይም አሴቶኑ ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የተሠራ፣ ዘይትና ሽቶ ያለበት ነው። ይህ ሥራ መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሠራል።

በመንገዳችን ስለሚያልፉት የሲሚንቶ መኪኖችም አንድ ነገር። የሙገር ፋብሪካ ከዚሁ የጁራሲክ ባሕር የኖራ ድንጋይ ይወስዳል። ድንጋዩ ከሸክላና ከሌሎች ጋር ተፈጭቶ በ1450 ዲግሪ አካባቢ ይቃጠላል፤ ንጹሕ ካልሳይት 100 ኪሎ ቢገባ ኖራ ሆኖ የሚወጣው 56 ኪሎ ነው፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ፍጥረቶቹ ከውሃው ነጥቀው አጽም ያደረጉት ካርቦን ማለት ነው። ማንም ሰው ኮራል ስለሚያምር ሲሚንቶ ይቅር አይልም፣ እኔም አልልም፤ ግን የካባው ፊት ከመፈንዳቱ በፊት አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ ሄዶ ንብርብሩን ቢለካና ቢሥል ካባው ምንም አይጎድልበትም።

ቦታውን መመዝገብ ከማማሩ ይበልጣል። ድንጋዩ ሲራገፍ ሹፌሩን ከየትኛው ካባ እንደጫነ ጠይቁት፤ ከቻላችሁ የወረዳውን፣ የቀበሌውን፣ የወንዙን ስም ጻፉ። ቦታ የሌለው ኮራል ጌጥ ነው። ከካባ ወይም ከገደል ራሳችሁ ቅሪተ አካል ነቅላችሁ አትውሰዱ። ስለ ቅርስ ጥናትና ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅሪተ አካልንም ይመለከታል፤ ቁፋሮ ፈቃድ ይጠይቃል፣ በአጋጣሚ የተገኘም ለሚመለከተው አካል ይነገራል። ለተገዛና ለተለጠፈ ደረጃ ፎቶና ማስታወሻ ይበቃል።

ቤት ሲያልቅ ብዙ ለጣፊዎች የሲሚንቶ ነጠብጣብ ለማስለቀቅ ድንጋዩን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያጥቡታል። ሲሚንቶውን ያነሣል፣ ድንጋዩንም አብሮ ይበላል፤ ልውልው ገጹ ይደበዝዛል፣ ንጣፍና ምሰሶው የሚለይበት ደቃቅ ልዩነትም ይጠፋል። ገና ሳይደርቅ በርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ የደረቀውን በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሳት፣ ከዚያ በለስላሳ ሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ ይሻላል። ደረጃው ላይ ሎሚ ወይም ለስላሳ መጠጥ ከፈሰሰም ሳይቆይ በውሃ ይታጠብ።